የቅዱስ ኦስዋልድ ቁልፎች

እሑድ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ኦድሪ በሌሊት ልብሷ ሆና እንቁላል ስትጠብስ አንዲት ሴት ትልቁን በር በቁልፍ ከፍታ ገባች። አላንኳኳችም። በአንድ እጇ የአበባ ባልዲ፣ በሌላው መቀስ ይዛለች። ከምድጃው አጠገብ አልፋ ወደ መስኮቱ ሄደች። ያለፈውን ሳምንት አበባ ከማስቀመጫው አወጣች፤ የሸተተውን ውሃ በኦድሪ የሻይ ስኒዎች ላይ ደፋችው፤ አዲሱን አበባ ግንዱን እየቆረጠች አንድ በአንድ ሰካች። ስትጨርስ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ አየችውና በሥራዋ ረክታ ራሷን ነቀነቀች። ኦድሪን ያየቻት ከዚያ በኋላ ነው።

«እንቁላልሽ እያረረ ነው፣ የኔ ዓለም።»

«ሚስስ ፒው፣ እኔ እኮ ገና አልለበስኩም።»

«አይዞሽ፣ እኔ ቅር አይለኝም» አለች ሚስስ ፒው።

የኦድሪ ባል ክላይቭ ይህን ጊዜ ከላይ ከመኝታ ክፍሉ ጸጉሩን እያበጠረ ወረደ። «ውይ፣ እንዴት ያምራል! ሚስስ ፒው፣ ሻይ ሳይጠጡማ አይሄዱም» አለ። ሚስስ ፒው ሻይ ሳትጠጣ አልሄደችም። ሁለት ስኒ ጠጣች፤ ለኦድሪ የተጠበሰውን ዳቦ በማርማላታ በላች፤ እንቁላሉ ማረሩን ሁለተኛ ጊዜ ተናግራ ወጣች። በሩን ክፍት ትታው ሄደች። ከሴቨርን ወንዝ የተነሣው የግንቦት ነፋስ ገብቶ የክላይቭን ጋዜጣ ከጠረጴዛው ላይ አነሣና እስከ መስበኪያው ሰገነት ድረስ በተነው።

ቤቱ እስከ አምና ድረስ የቅዱስ ኦስዋልድ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ሃዝልፎርድ ትንሽ መንደር ናት፤ ሠላሳ ስምንት ቤት፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ አንድ ወንዝ። ቤተ ክርስቲያኑን የሚስመው ሰው ሲጠፋ አለቆቹ ለሽያጭ አወጡት። ክላይቭ ሠላሳ አራት ዓመት በርሚንግሃም ከተማ በአንድ የመድን ድርጅት የተቃጠለ ቤት ሲገምት ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ማስታወቂያውን ጋዜጣ ላይ አየ። «ታሪካዊ፣ በወንዝ ዳር፣ ባለ ግንብ» ይላል። የከተማ ቤታቸውን ሸጠና በሁለት መቶ አርባ ሺህ ፓውንድ ገዛው። ማስታወቂያው ያልተናገረውን ኦድሪ በመጀመሪያው ሳምንት አወቀችው። ጣሪያው ከወለሉ አሥራ አራት ሜትር ይርቃል። ማሞቂያው በወር አራት መቶ ፓውንድ ይበላል፤ ሙቀቱ ግን ሽቅብ ይወጣና ከጣሪያው አግዳሚ ላይ የተቀረጹትን የእንጨት መላእክት ያሞቃል። እሷ ከታች በሁለት ሹራብ ትቀመጣለች። ከድሮዎቹ ረጃጅም መቀመጫዎች አራቱ በቅርስነት ስለተመዘገቡ አይነሡም፤ በእነሱ ላይ ጫማና የክላይቭ ጋዜጣ ይቆለላል።

ብርዱን ትችለው ነበር። ያልቻለችው በሩን ነው። ስድስት መቶ ዓመት የሞላው በር ስለሆነ አዲስ ቁልፍ ለመግጠም አንድ ቀዳዳ መብሳት በሕግ ያስቀጣል። ያለው ቁልፍ ክንድ የሚያህል ብረት ነው፤ የእሱ ብጤ አራት በመንደሩ ሰው እጅ አለ። ቤቱን የተረከቡ ዕለት አራቱ ባለ ቁልፎች መጠጥ ቤቱ ድረስ መጡና በጨዋ ደንብ ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ክላይቭም በጨዋ ደንብ «ኧረ ምን ቸገረ! እናንተው ዘንድ ይቀመጥ» አለ። እንዲህ ሲባል «አይ፣ አይሆንም» ማለት የእነሱ ፋንታ ነበር። ክላይቭ ስድሳ አምስት ዓመት ሙሉ ሰው «አይ፣ አይሆንም» ሲል ሲሰማ፣ ራሱም ሲል ኖሯል። አራቱ ግን አፉን ሳይዘጋ ቁልፎቻቸውን አንሥተው ኪሳቸው ከተቱ፤ አመሰገኑት፤ ቢራ ጋበዙት። ከዚያ በኋላ «መልሱልኝ» ማለት አልሆነለትም። በዚያ ላይ መስከረም ላይ የመንደሩ ምክር ቤት ምርጫ አለ፤ ክላይቭ ደግሞ በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ ሰብሳቢ ሆኖ አያውቅም።

ያለፈው ሐሙስ ኦድሪ ድምፅዋን ሳታነሣ ነገረችው። «እሑድ እህቴ ቤሪል ከበርሚንግሃም ለምሳ ትመጣለች። ማታ ስትመለስ ወይ አራቱ ቁልፎች እዚህ ጠረጴዛ ላይ ይሆናሉ፣ ወይ እኔ መኪናዋ ውስጥ እሆናለሁ። ክፍሉን አዘጋጅታልኛለች።» ክላይቭ «ልክ ነሽ» አለና ጋዜጣውን ገለጠ። በሠላሳ ስድስት ዓመት ትዳራቸው ክላይቭ «ልክ ነሽ» ካለ ነገሩ አለቀለት ማለት ነው። አርብ አልጠየቀም። ቅዳሜም አልጠየቀም። ዛሬ ሚስስ ፒው ሁለተኛውን ስኒ ስትጠጣ ኦድሪ ባሏን ትክ ብላ አየችው። ክላይቭ ስለ አየሩ ተናገረ።

ኦድሪ ልብሷን ለመልበስ ወደ ላይ ወጣች። መኝታ ክፍሉ የተሠራው ከግንቡ ሥር፣ ድሮ መዘምራን ይቆሙበት በነበረው ሰገነት ላይ ነው። ወደ ግንቡ የሚያወጣው ትንሽ በር ከልብስ ቁም ሣጥኑ ጎን ነው። የግንቡ ሰዓት የቤቱ አይደለም፤ የመንደሩ ምክር ቤት ነው፤ ውሉ ገጽ አሥራ አንድ ላይ ይላል። አንድ እግር ካልሲ አድርጋ ሁለተኛውን ስትስብ፣ ሰዓቱን በየሳምንቱ የሚሞላው ሁለተኛው ባለ ቁልፍ ሚስተር ባይዋተር ደረጃውን ጨርሶ ገባ። ሰማንያ ዓመቱ ነው። እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ እየዳበሰ ይራመዳል።

«አይዞሽ እቴ፣ ምንም አላየሁም። መነጽሬን ደረጃው ላይ አውልቄያለሁ።»

«ሚስተር ባይዋተር፣ ቢያንኳኩ ምን ነበረበት?»

«ሰዓት አይንኳኳም» አለ ሚስተር ባይዋተር። የዳበሰውን በር ከፍቶ ገባ። የገባው ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነበር። ከዚያ ከልብሶቹ መካከል ድምፁ መጣ። «ይሄ ሰማያዊው አዲስ ነው አይደል? ባለፈው እሑድ አልነበረም።»

ረፋዱ ላይ ደግሞ የሽንት ቤቱ ሰዎች መጡ። ቅዱስ ኦስዋልድ ስምንት መቶ ዓመት ሽንት ቤት አልነበረውም። ምእመኑ ችሎ ይጸልይ ነበር፤ ባይችል ከመቃብሩ ጀርባ ይሄድ ነበር። ክላይቭ ቤቱን ሲያድስ፣ ክርስትና ይነሣበት በነበረው ጥግ ሞቅ ያለ መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት አሠራ። ወሬው በአንድ ሳምንት መንደሩን አዳረሰው፤ ከዚያ ወዲህ ሃዝልፎርድ ሙታኑን ወደደ። በውሉ መሠረት የሟች ቤተሰብ መቃብር ለመጎብኘት በግቢው የማለፍ መብት አለው፤ ስለ ሽንት ቤት ግን ውሉ ምንም አይልም። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ዴንዚል፣ ሦስተኛው ባለ ቁልፍ፣ የእሱ ሽንት ቤት ሰልፍ ሲበዛበት ቢራ ጠጪዎቹን «ቤተ ክርስቲያን ሂዱ» እያለ ይልካቸዋል። ሃያ አራት ታጣፊ ወንበሮቹንም ግንቡ ሥር ነው የሚያስቀምጠው። ኦድሪ ዛሬ አንዱን ቀይ ፊት ሰውዬ መንገድ ዘግታ «የማን ዘመድ ነዎት?» አለችው። ሰውዬው በመስኮት ወደ ቅርቡ የመቃብር ድንጋይ አንገቱን አሰገገ፤ ስሙን አነበበና «የሃና ዊግሞር። አክስቴ ናት» አለ። ሃና ዊግሞር ካረፈች ሁለት መቶ ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ኦድሪ አሳለፈችው። ምን ታድርግ፤ ሰውዬው እግሩን አቆላልፎ ነበር።

ቤሪል ስድስት ሰዓት ላይ ደረሰች። ከኦድሪ አራት ዓመት ትበልጣለች፤ ባሏ ሞቷል፤ ለአርባ ዓመት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ስታስተዳድር ስለኖረች ምንም ነገር በቶሎ አያስገርማትም። ገብታ ወደ ጣሪያው አየች፤ መላእክቱን አየች፤ ካፖርቷን አላወለቀችም። ወደ ምሳው ከመቅረቧ በፊት ከደረጃው ሥር የተዘጋጀውን የእህቷን ሻንጣ አይታ፣ አንድ ቃል ሳትናገር አንሥታ መኪናዋ ላይ ጫነችው። ክላይቭ ይህን በመስኮት አየ። ሹካዎቹን አንድ በአንድ ማስተካከል ጀመረ።

ምሳው በምድጃ የተጠበሰ የበግ እግር ነበር፤ ኦድሪ ሠላሳ አንድ ፓውንድ የሰጠችበት። ድንች፣ አተር፣ የናና ማባያ አለው። ጠረጴዛው ከምሥራቁ መስኮት ሥር፣ ድሮ የቅዳሴው ጠረጴዛ በነበረበት ቦታ ላይ ቆሟል፤ ሌላው ቦታ ሁሉ ጨለማ ነው። ሦስቱም ዝም ብለው በሉ። በእንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ዝም ሲባል ማኘክ ይሰማል፤ የክላይቭ ማኘክ እስከ ግንቡ ሄዶ ይመለስ ነበር። ቤሪል ሁለተኛውን ድንች ቆርሳ «ቁልፎቹስ?» አለች።

«በሂደት ላይ ነው» አለ ክላይቭ።

«የማን ሂደት?»

«ሰዉን ማስቀየም አይገባም ቤሪል። አዲስ መጤ ነን። ቀስ በቀስ...»

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» አለች ቤሪል፤ ወደ ሥጋዋም ተመለሰች። ኦድሪ አተሩን በሹካዋ እያሰለፈች ነበር።

ያን ጊዜ በሩ ተከፈተ። ሚስ ሌከን ናት፤ የመንደሩን ታሪክ የምታውቀው፣ ከባለ ቁልፎቹም አራተኛዋ። ከኋላዋ ጭቃ የበላ የእግር መንገድ ጫማ ያደረጉ አሥራ አንድ ሰዎች ተከትለዋታል። «ይቅርታ፣ እኛን እንደሌለን ቁጠሩን!» አለች። ሰዎቹን በወለሉ ምንጣፍ ላይ እየነዳች ወደ ጠረጴዛው አመጣቻቸውና በግማሽ ክብ አቆመቻቸው። «ይህ እንግዲህ የሕንፃው ጥንታዊ ክፍል ነው። እመቤቲቱ በክርናቸው የሸፈኑት ድንጋይ ላይ የአሥራ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን ጠራቢ ምልክት አለ። እመቤቴ፣ ክርንዎን ትንሽ።» ቤሪል ክርኗን አነሣች። አሥራ አንዱ ሰው አጎንብሶ ምልክቱን አየ። አንዱ ምልክቱን ትቶ በጉን ነበር የሚያየው፤ «ስንት ሰዓት ምድጃ ውስጥ ቆየ?» ብሎ ጠየቀ። ክላይቭ ብድግ ብሎ ነገረው። ቢጠየቅ ሳይቆርስለት አይቀርም ነበር።

ሚስ ሌከን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የመጨረሻው ጸሎት የተደረገው አምና ኅዳር ነው። እንዴት ያለ ቀን መሰላችሁ! ሦስት መቶ ሰው ነበር። መቆሚያ ጠፍቶ በመስኮት ነው ያዩት። ቀን ሙሉ ስናለቅስ ዋልን። መንደሩ ነፍሱን አጣ።» ከአሥራ አንዱ አንዲት ሴት መሐረብ አወጣች።

«ሚስ ሌከን» አለች ኦድሪ። ከመጡ ጀምሮ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር። «ከዚያ በፊት በነበረው እሑድስ? ስንት ሰው ነበር?»

«በፊት በነበረው?»

«በፊት በነበረው እሑድ።»

ሚስ ሌከን መዝገብ የምትይዝ ሴት ናት፤ መዋሸት አትችልም። «ሦስት» አለች። «ቄሱን ጨምሮ።»

ኦድሪ ሹካዋን አስቀመጠች። አፏን ጠረገች። ከጠረጴዛው ተነሥታ የልብስ ማጠቢያው ወዳለበት ወደ ጎኑ ክፍል ሄደች፤ ክፍሉ ድሮ ቄሱ የሚለብስበት ነበር። ግድግዳው ላይ የአበባ ተረኞች ስም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ተጽፎ ተለጥፏል፤ ነሐሴ ላይ «ኦድሪ» የሚል አለ፤ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ወረቀቱን ገነጠለችና ጀርባውን ገልብጣ ቁጭ ብላ ጻፈች። ጽሕፈቷ ጥሩ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት በጥርስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ስትመዘግብ ኖራለች። ከዚያ ወጥታ ወረቀቱን ከበሩ ውጭ ሰቀለችው፤ ተመልሳም ከሽንት ቤቱ አጠገብ የተንጠለጠለውን የደወል ገመድ በሁለት እጇ ያዘችና ጎተተችው።

ደወሉ ሲጮኽ መንደሩ ወጣ። ወንዙ ሞላ ያለም፣ እሳት ነው ያለም ነበር። ሠላሳ የሚያህል ሰው በሩ ላይ ተሰበሰበ፤ ዴንዚል ሽርጡን እንደታጠቀ መጣ፤ ሚስስ ፒው ምሳዋን እያኘከች ደረሰች። ከፊት የቆመው ለኋለኞቹ ጮክ ብሎ አነበበ። «ቅዱስ ኦስዋልድ ከዛሬ ጀምሮ ዘወትር እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ጸሎት ይደረግበታል። ስብከትም አለ። የመንደሩ ሰው ሁሉ ይምጣ። ቁልፍ በእጁ ያለ ሁሉ አገልጋይ ነው። ሚስስ ፒው መጽሐፍ ታነባለች። ሚስተር ባይዋተር ደወሉን ደውሎ ሲያበቃ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ሚስ ሌከን ለጣሪያው መጠገኛ የምጽዋት ሳህን ይዛ ትዞራለች። ዴንዚል የልጆቹን የሃይማኖት ትምህርት ያስተምራል። አገልግሎቱ የማይመቸው ቁልፉን ይመልስ።»

አንባቢው ሲጨርስ አንድ ሰው ሳለ። ከኋላ የነበሩት ቀስ ብለው፣ ማንም ሳያያቸው እንደሚሄዱ ሁሉ፣ መንቀሳቀስ ጀመሩ። የሽንት ቤቱ ቀይ ፊት ሰውዬ ከሁሉም ቀድሞ መንገዱ ላይ ደርሶ ነበር። ከአምስት ደቂቃ በኋላ በሩ ላይ የቀረው የሚስ ሌከን ቡድን ብቻ ነበር፤ እነሱም ጫማቸውን ስለሚያስሩ ነው።

ቁልፎቹ ከዚያ በኋላ መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ የመጣችው ሚስስ ፒው ናት። «ጉልበቴን ያመኛል እኮ፣ የኔ ዓለም» አለች። ኦድሪ ቁጭ ብሎ ማንበብም ይቻላል አለቻት። «ዓይኔም ደህና አይደለም። እኔ ደግሞ እግዚአብሔርን በአበባ ነው የማገለግለው፤ በንባብ ሆኖልኝ አያውቅም።» ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ጧት የሰካችውን አበባ አንድ ጊዜ አይታ ወጣች። ሚስተር ባይዋተር ቀጥሎ መጣ፤ አሁን መነጽሩን አድርጓል። የእሱ ቤተሰብ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ምእመን እንደሆነ፣ እዚህ መጸለይ ለሕሊናው እንደሚከብደው ተናገረ። «ሰዓቱንስ?» አለችው። «ከእንግዲህ ደውዬ እመጣለሁ፤ አንቺ ትከፍቺልኛለሽ» አለ። ዴንዚል ራሱ አልመጣም። አስተናጋጇን ላከ፤ ቁልፉን በቢራ ብርጭቆ ውስጥ አድርጋ አመጣችው። «ወንበሮቹን ነገ ያነሣቸዋል፤ ልጅ አይወድም ብለሽ ንገሪልኝ ብሏል» አለች። ሚስ ሌከን መጨረሻ ላይ ቀረች። ቁልፏን ከቦርሳዋ አውጥታ ጥቂት ጊዜ በእጇ መዘነችው። ሃያ ዓመት ይዛው ኖራለች። «እኔ የምወደው ታሪኩን ነው» አለች። «ሃይማኖቱን እንኳ... ለሰው ሳህን ዘርግቼ አላውቅም።»

ክላይቭ ይህን ሁሉ ከመስበኪያው ሰገነት ደረጃ ላይ ተቀምጦ አየ። አራተኛው ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ሁለት እጁን ጉልበቱ መካከል ከተተ። «ጎረቤት አጣን» አለ። «መስከረም ላይ ማን ይመርጠኛል?»

«ሦስት ድምፅ ታገኛለህ» አለች ቤሪል። «ቄሱን ጨምሮ።» ሳቀች። ሳቋ ጣሪያው ድረስ ወጥቶ ተመለሰ። ከዚያ ወደ እህቷ ዞረች። «እንግዲህ ያልሽው ሆነልሽ። ሻንጣሽን ላውርደው?»

ኦድሪ ቁልፎቹን እያየች ነበር። አራት ወር ሙሉ የፈለገችው ይህንን ነው፤ አሁን አጠገቧ ነው፤ ዝገት ይሸታል። ቤቱ ጸጥ ብሏል። በረዶ ነው። «አላውቅም» አለች። «ቁልፍ ጠየቅሁ፤ ቁልፍ አገኘሁ። ስለ ቤቱ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

ክላይቭ አንገቱን ቀና አደረገ። የሚናገር መስሎ ነበር፤ «ልክ ነሽ» ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ቤሪል የመኪናዋን ቁልፍ ከካፖርቷ ኪስ አወጣች። ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። በሰላም ከወጡ ከመምሸቱ በፊት በርሚንግሃም ይደርሳሉ። ኦድሪ ሻርፗን አንሥታ አንገቷ ላይ ጠመጠመች።

በሩ ተንኳኳ።

ሦስቱም ተያዩ። ማንኳኳት ምን እንደሚመስል ለጊዜው ጠፍቷቸው ነበር። ክላይቭ ሄዶ ከፈተ። ደጁ ላይ ከረባት ያሰረ፣ ባርኔጣውን በእጁ የያዘ፣ ከብብቱ ሥር አሮጌ የመዝሙር መጽሐፍ የሸጎጠ ረጅም ሽማግሌ ቆሟል። ሚስተር ትራንተር ይባላል፤ ድልድዩ ሳይሠራ በፊት ሰው በጀልባ ያሻግር የነበረ ነው። ቤቱ ከእነሱ ቤት ሦስተኛው ነው። ኦድሪ በየቀኑ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ፣ ባርኔጣውን ብድግ ሲያደርግ ታየዋለች፤ ከአጥሩ ወዲህ ግን አንድ ቀን እንኳ አልገባም።

«ጸሎት አለ ተብሎ ተለጥፏል» አለ። «ሳልዘገይ አልቀረሁም?»

ክላይቭ ወደ ኦድሪ ዞረ። ኦድሪ ወደ ቤሪል ዞረች። እውነቱን መንገር ነበረባት፤ ቀልድ ነው፣ የሰው እግር ለመቁረጥ ነው ማለት። ሽማግሌው ጫማውን በደረቅ ጨርቅ እየጠረገ ነበር፤ ለዚሁ ብሎ ጨርቅ ይዞ መጥቷል።

«አልዘገዩም» አለች ኦድሪ። «ይግቡ።»

ሚስተር ትራንተር ገባ። ምድጃውን፣ ማቀዝቀዣውን፣ የተቆረሰውን በግ አየ፤ እንዳላየ አለፈ። ከአራቱ አሮጌ መቀመጫዎች ወደ ሦስተኛው ሄደ። በላዩ የተቆለለውን የጫማ ካርቶን አንሥቶ ወለሉ ላይ በሥርዓት ደረደረው። ከግድግዳው በኩል የአንድ ሰው ቦታ ትቶ ዳር ላይ ተቀመጠ፤ ባርኔጣውን ባዶው ቦታ ላይ አላስቀመጠም፤ ጉልበቱ ላይ ያዘው። ከዚያ ጠበቀ።

ጸሎቱን ማን እንደሚጀምር የሚያውቅ አልነበረም። ኦድሪ የክላይቭን እናት መጽሐፍ ቅዱስ ከምግብ አሠራር መጻሕፍቱ መካከል ፈልጋ አገኘችው። ከጠረጴዛው ጀርባ ቆመች፤ አራቱን ቁልፎች ገጹ እንዳይገለበጥ ጫነችበት፤ ያጋጠማትን አንድ መዝሙር አነበበች። ድምፅዋ መጀመሪያ የቀጠሮ ድምፅ ነበር፤ የሚቀጥለውን ሕመምተኛ የምትጠራ ይመስላል። ወደ መጨረሻው ቀስ እያለ ሌላ ሆነ። ሽማግሌው «አሜን» ብሎ ተነሣና ብቻውን ዘመረ። ድምፁ ተሰነጣጥቋል፤ ዜማው ግን አልሳተም። በመዝሙሩ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቤሪል ካፖርቷን እንደለበሰች ተነሥታ ተቀበለችው፤ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት አርባ ዓመት ሕፃናቱ ሲዘምሩት በግድግዳ ሰምታዋለች። ክላይቭ ከበሩ አጠገብ መጥቶ ከኋላቸው ቆመ። ቃሉን አያውቀውም፤ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። በአሥራ አምስት ደቂቃ አለቀ።

ኦድሪ ሽማግሌውን እስከ በሩ ሸኘችው። «ሚስተር ትራንተር፣ መንደሩ ሁሉ ሲገባ ሲወጣ እርስዎ አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልገቡም።»

«የሰው ቤት ነዋ» አለ ሚስተር ትራንተር። «ማን ጠራኝ?» ባርኔጣውን አደረገ። «የሚመጣው እሑድም በዘጠኝ ሰዓት ነው?»

ቤሪል ከኋላ ቆማለች። ኦድሪ ተመልሳ ከጠረጴዛው ላይ አንዱን ቁልፍ አመጣችና ዘረጋችለት። «ይሄ እርስዎ ዘንድ ይሁን። እኔ ባልኖርም ገብተው መጸለይ ይችላሉ።»

ሽማግሌው ቁልፉን አየው፤ እጁን አልዘረጋም። «አይ፣ አይሆንም» አለ። ኦድሪ እጇን ሳትሰበስብ ጠበቀች። ሽማግሌው ግን የሚለውን ብሎ ጨርሷል። «እኔ የሰው ቤት ቁልፍ ይዤ አልዞርም። አንኳኳለሁ። ካሉ ይከፍቱልኛል፤ ከሌሉ እመለሳለሁ።»

ነፋሱ ከወንዙ መጣ። በመጠጥ ቤቱ ግቢ አንድ ሰው ሽንት ቤቱ ባዶ እንደሆነ ይጠይቃል። ኦድሪ ቁልፉን ወደ ደረቷ መለሰችው።

«እከፍትልዎታለሁ» አለች።

«መልካም» አለ ሚስተር ትራንተር። ሁለት ደረጃ ወርዶ ቆመና ዘወር አለ። «ስብከት አለ ብለው ነበር የለጠፉት። ዛሬ የመጀመሪያ ቀንዎ ስለሆነ ዝም ብያለሁ።»

«ስለ ምን ልስበክ?»

«ስለ ፈለጉት። አጭር ይሁን እንጂ። ያለፈው ቄስ ማቆሚያ አያውቁም ነበር።»

በመቃብሮቹ መካከል ቀስ ብሎ ሄደ። ቤሪል የመኪናዋን ቁልፍ በጣቷ ላይ አሽከረከረች፤ የካፖርቷን ቁልፎች እስከ አንገቷ ቆለፈች፤ እህቷን ጉንጯ ላይ ሳመቻት።

«በይ እኔ ልሂድ» አለች። «ሻንጣሽን ክላይቭ ያውርደው። አንቺ ስብከት አለብሽ።»